የተቀበልነው ሣር

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ያዮ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እንድናስር ያዘዘን ቀን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከመቱ በሚኒባስ ተጭነን፣ የቀረውን በእግር ኳትነን የደረስን የአሥረኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ልጆች ነበርን። ከክፍል የሚያስወጣን ነገር ሁሉ ለእኛ በዓል ነው። አስተማሪው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ከታላቅ ወንድሜ የማይበልጥ ወጣት ነበር። ፊት ለፊት “ቲቸር” እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው አይመጣልኝም። ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። እኔ ደግሞ የሱቅ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ከደቡብ መጥተው መቱ በከፈቱት ሱቅ፣ ባንኮኒ ሥር፣ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ አስተርጓሚ አደረገኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ገመድ ዘርግተን አራት ማዕዘን እንሠራለን፤ በውስጡ ያለውን ዛፍ፣ የቡና ተክል፣ ወፍ፣ ጉንዳን፣ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ሳይቀር እንቆጥራለን። የተቆጠረ ዛፍ እንዳይደገም ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። በጥቅምት የቆጠርነውን በየካቲት ተመልሰን ቆጥረን እናነጻጽራለን፤ ከዚያ በዞኑ የሳይንስ ውድድር እንቀርባለን። አስተማሪው ለዚያ ውድድር እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ከግንድ ግንድ እየዘለለ ማን ከማን እንደሚኖር ሲያስረዳን፣ ይኼ ሰው ነገሩን ከልቡ ይወደዋል ብዬ አደነቅሁት።

ሽማግሌው የመጡት ገመዱን ሳንጠቀልል ነው። ያ የጫካው ክፍል የእሳቸው ድርሻ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ያለው ቡናም፣ ከላይ የተሰቀለው ቀፎም የእሳቸው። እኛ ለቀበሌው ተናግረናል፤ ቀበሌው ግን ለእሳቸው አልነገረም። ከቡናው ሥር ሲመነጥሩ የነበሩት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ገጀራቸውን እንደያዙ ከኋላቸው ቆሙ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሁለት እጃቸው የያዙትን እርጥብ ሣር ወደ አስተማሪው ዘረጉ።

መቱ ላደገ ሰው ይኼ እንግዳ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ ሽማግሎች እንዲህ ሣር ይዘው ይመጣሉ። እርጥብ ሣር የያዘ ይለምናል፤ ሣሩን የተቀበለ ልመናውን ተቀብሏል። እኔ አፌን ሳልከፍት አስተማሪው ፊቱ በርቶ ሣሩን ወሰደ፣ ሥሩን ገልብጦ አየና ለናሙና በያዝነው ፌስታል ውስጥ ከተተው።

“አመስግኚልኝ፤ የሣር ናሙና ጎድሎን ነበር” አለኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው መረቁት። “ገለቶማ፣ ገለቶማ” እያሉ ምስጋናቸውን ደጋገሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “በሉ እንግዲህ ቀዩን ፍቱት፣ ልጆቼ” አሉኝ በኦሮምኛ። “የጎረቤቴን ዛፎች መንገድ የሚያሰፉት ሰዎች ቀይ ቀብተው ነው የጣሏቸው። ቡናውን ፀሐይ ጨረሰው።”

ተረጎምኩለት።

“ኧረ እኛ አንቆርጥም በያቸው። ጨርቁ ግን እስከ የካቲት መቆየት አለበት” አለና ራሱን ነቀነቀ።

ያንን መተርጎም አቃተኝ። ልጆቻቸው ቃሉ ባይገባቸውም የራሱን መነቅነቅ አይተዋል። አንደኛው ገጀራውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ከኋላዬ ተሰበሰቡ፤ ወይ ጀግኖች!

“ቲቸር፣ የተቀበሉት ናሙና አይደለም” አልኩት። “ልመና ነው። ተቀብለው እምቢ ካሉ፣ እዚህ አገር ከዚያ የባሰ ንቀት የለም።”

ፊቱ አመድ መሰለ። ቅርቡ ወዳለው ዋንዛ ሄዶ ጨርቁን ፈታ። እኛም ተሻምተን የቀረውን ፈታን። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። “ሌላ ሰው ቀይ ይዞ ቢመጣስ? ትቆምልኛለህ?” ብለው ጠየቁት። አስተማሪው ልጆቻቸውን አየ፣ ገጀራዎቹን አየ፣ “እቆማለሁ በያቸው” አለ። ፈርቶ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገርኳቸው። የመጣነው ልንቆጥር ብቻ መሆኑንም ጨመርኩላቸው።

በጥር ሽማግሌው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀዩ ቀለም ዛፎቻቸው ጋ ደርሷል። አስተማሪው ጠመኔውን ጥሎ ወጣ። ወረዳ ሄደ፣ ዞን ሄደ፤ አንዳንዴ እኔንም ያስከትለኝ ነበር። በአንድ ቢሮ ኃላፊው፣ “አንተ ምን አግብቶህ ነው?” አለው።

“ሣር ተቀብያለሁ” አለ አስተማሪው።

ሰውየው አልሳቀበትም። “መንገድስ አያስፈልግም ወይ?” ብሎ ብቻ ጠየቀው። እኛም ያዮ ስንሄድ ያንን መንገድ ስንረግም ነበር የደረስነው። ስንወጣ አስተማሪው በደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ውድድሩ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም።

ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ሄድን። ከክበቡ የተከተለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ገጀራው ገና ከዓይናቸው አልጠፋም። ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ተጋድሟል። ቀፎው ተፈረካክሷል። ለቀማው ያለቀለት ቡና ቅጠሉ እሳት እንደላሰው ተጨማዷል። በመንገዱ፣ በቀበሌው፣ በራሴም አስተርጓሚነት ተናደድኩ። አስተማሪው ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

“ያኔ ልንቆጥር ነው የመጣነው ብላችሁኛል” አሉ። “ቁጠሩ።”

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። የገመዱን ጫፍ ራሳቸው ይዘው፣ የቀድሞውን ቦታ በእግራቸው እያሳዩ ወሰዱን። ጉቶ ቆጠርን። የደረቀ ቡና ቆጠርን። ወፍ የለም፤ ጉንዳኑ ብቻ እንደ ልቡ ይመላለሳል። እያንዳንዱን በኦሮምኛ ደግሜ እንድነግራቸው ፈለጉ፤ እየተከተሉኝ አዳመጡ። ሲያልቅ ገመዱን ጠቅልለው ለአስተማሪው መለሱለት።

“ያኔ ያን ሁሉ ስትቆጥሩ” አሉ በመጨረሻ፣ “እኔን ቆጥራችሁኝ ነበር?”

ልተረጉም ወደ አስተማሪው ዞርኩ። አላስፈለገውም። ባለችው በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛ፣ “አልቆጠርንም፣ አባባ” አላቸው።