ባዶውን አረንጓዴ የሚያበራው ቻርጀር

እህቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቆጣቢት» ነው የሚላት። ገንዘብ የምትቆጥብ እንዳይመስላችሁ፤ እጇ ገብቶ ያደረ ሳንቲም የለም። የምትቆጥበው ባትሪ ነው። መዳፍ የማትሞላ ዲጂታል ካሜራ አለቻት። በእሷው ፎቶ እያነሳች መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዘጠኙም ዓመት ዋና ጭንቀቷ የአንዲትን ባትሪ ዕድሜ ማርዘም ነበር።

ስክሪኑን ታጠፋዋለች። ከላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታየው። ፍላሽ ለእሷ ብክነት ነው፤ ሰውን በክንዱ እየጎተተች ብርሃን ወዳለበት ታወጣለች። ዙም አታደርግም፤ በእግሯ ትጠጋለች። «እስኪ አሳይኝ» የሚላት ሰው ካለ «ሲታጠብ ታየዋለህ» ብላ ካሜራዋን ከጀርባዋ ትደብቃለች።

እኔ ታላቋ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምንኖረውም የምንሠራውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግማሹ የእኔ ስፌት መኪና፣ ግማሹ የእሷ ኮተት። ከኮተቷ ብዙው የእኔ እጅ አለበት። የካሜራዋን ማኅደር ከኮት ገበር ሰፍቼላታለሁ፤ የእጅ ማንጠልጠያዋን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጎንጉኜላታለሁ፤ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያም አንድ እግሩ ስለሚከዳት በእኔ ላስቲክ ነው የታሰረው። የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ነው። የእኔ ካውያም፣ የእሷ ቻርጀርም እሱኑ ይፈልጋሉ።

ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ፎቶ አንሺ ከሆነ ወዲህ የእህቴ ሥራ ቀዘቀዘ። ለልደት የሚጠራት ጠፋ፤ ሠርግማ ከቀረ ቆየ። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ «እትዬ፣ ካሜራዬን ሸጬ ቁልፍ ልትከልልሽ እንዴ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ እየሳቅኩ ቀና ስል ፊቷ አይስቅም።

ደግነቱ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የእህቴን ሥራ ጎረቤት ግድግዳ ላይ አይታ አስጠራቻት። የተማሪዎች መታወቂያ ፎቶ ነው፤ መቶ ስድሳ ሦስት ልጅ፣ በአንድ ጠዋት።

«የቀድሞው ሰውዬ ካሜራ ይሄን ያክል ነበር» አለቻት ሴትዮዋ፣ በሁለት እጇ ትልቅ ድስት እንደያዘች እያሳየች። «ግን በየዓመቱ ዓይኑን የጨፈነ አይጠፋም። መታወቂያ ላይ የተኛ ልጅ አልፈልግም። አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይጨፍን ካመጣሽልኝ ሥራው በየዓመቱ ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ሰውዬውን መልሼ እጠራለሁ።»

እህቴ ያላት ባትሪ ሁለት ነው። አንዱ ግፋ ቢል መቶ ሠላሳ ፎቶ ያነሳል፤ ሁለቱ ለልጆቹ በቅተው ለጨፈነም ይተርፋሉ። አንደኛውን ሞልታ ጨርሳ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ሰክታ ጉዳይ ወጣች።

እኔ ደግሞ የደንበኛ ሱሪ ነበረብኝ። «ለአምስት ደቂቃ» ብዬ ቻርጀሩን ነቀልኩና ካውያዬን ሰካሁ። የእኔ አምስት ደቂቃ መቼም አያልቅም። ከሱሪው በኋላ ኮት መጣ፤ ከኮቱ በኋላ ጎረቤት መጣች፤ ወሬ ያዝን፤ እህቴም አምሽታ ገብታ ሳታየው ተኛች። ቻርጀሩ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ማለዳ፣ እህቴ ደጅ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ሮጬ ሰካሁት። ወዲያው አረንጓዴ በራ። እሰይ፣ ለካ ቀድሞ ሞልቶ ነበር አልኩ በሆዴ።

«እትዬ፣ ሞልቷል?» አለችኝ ከውጭ።

«አረንጓዴ ነው!»

ሁልጊዜ ባትሪውን በጣቷ ጫን አድርጋ፣ በደንብ መቀመጡን አይታ ነው የምታነሳው። ያን ቀን ግን ስለቸኮለች ቃሌን አመነችና ከትታው ሄደች።

እሷ ከወጣች በኋላ ካውያዬን ልሰካ ዞር ስል፣ ቻርጀሩ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ አረንጓዴ ያበራል። ባትሪ የለበትም፤ ግን አረንጓዴ ነው። ክው አልኩ። ለካ ይሄ ያገለገለ ቻርጀር ባትሪው በወጉ ካልተቀመጠለትም ሞልቻለሁ ይላል! ነቅዬው በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ።

ስደርስ እህቴ ነጭ ግድግዳ ፊት ማቆሚያዋን ተክላ ቆማለች። ሁለተኛውን ባትሪ ቀድማ ሞክራው ኖሯል፤ ካሜራውን ማብራት እንኳ አልቻለም።

«ቻርጀሩን ይዤልሽ መጣሁ፤ ምናልባት ቢያስፈልግሽ ብዬ» አልኳት። ያን ሁሉ መንገድ ሮጬ፣ አፌ ላይ የመጣው ይቺ ብቻ ሆነች። በራሴ አፈርኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እዚህ መብራት የለም እትዬ። ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል አሉ።»

ቤት ተመልሶ ለመሙላትም ጠዋቱ አይበቃም፤ እንግዲህ ያለው አንድ ባትሪ ነው። አንዱን ልጅ ሁለቴ ማንሳት የለም። አንድ ልጅ ከጨፈነ፣ ካሜራው ተሸጦ ቁልፍ ተከላ ነው።

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ አሰበች። «ልጆቹን በቁመት አሰልፊልኝ» አለች። «ማቆሚያውን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ከቆየሁ ካሜራው በራሱ ይጠፋል። ባትሪውን የሚበላው ደግሞ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ነው። አንዴ ካበራሁት ፋታ እንዳትሰጪኝ።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ተራችሁ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። እትዬ ሦስት ስትል ትገልጣላችሁ። ያኔ አነሳችኋለሁ።» ገና የተገለጠ ዓይን ቶሎ እንደማይከደን ከሥራዋ ነው ያወቀችው።

ጀመርን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ቀጭ። «አንድ፣ ሁለት...» «ሦስት ሳልል የገለጥክ አንተ፣ ወዮልህ!» ቀጭ። አንዷ ዓይኗን ስትገልጥ አፏንም አብራ ከፈተች፤ እህቴ አፏን እስክትዘጋ መጠበቋን ሳይ በደስታ ልስማት ምንም አልቀረኝ። መቶኛው ላይ ድምፄ ጎረነነ።

መቶ ሃያ ስምንተኛው ላይ ቀይ ምልክት ብልጭ አለ። እህቴ ሳትደናገጥ ባትሪውን አውጥታ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው። ጠዋቱ ንፋሻማ ነበር፤ ባትሪ ሲበርደው እንደሚሰንፍ፣ ሲሞቀው ደግሞ ጥቂት እንደሚጨምር ታውቃለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ይሄኔ ርዕሰ መምህርቷ ብቅ አለች።

«ምነው ቆማችሁ?»

«ትንሽ በርዶት ነው» አለች እህቴ፣ ክንዷን አጥብቃ።

ሴትዮዋ ማን እንደበረደው ሳትጠይቅ ሄደች። ባትሪው ሲመለስ አሥራ አራት ልጅ አነሳ፤ እንደገና ብብት፣ እንደገና ዘጠኝ፤ ከዚያ ሰባት፤ ከዚያ አራት፤ አንድ ቀረ። የመጨረሻው ቁመተ ረጅም ልጅ ሦስት ስል ዓይኑን ገለጠ። ቀጭ። አምልጠናል! እዚያው ግድግዳው ሥር ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ፣ ቁሚ» አለችኝ።

«ኧረ ተይ፣ ባትሪው...»

«የተረፈችውን ለማን ላስቀምጣት? ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ፊቷ ስላልታየኝ ድፍረት አገኘሁ።

«አንድ» አለች።

«ቻርጀሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ሁለት። አውቃለሁ። ሲሞላ ያደረ ባትሪ ሞቅ ይላል፤ ይሄ ሳወጣው በረዶ እንደነበር ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሦስት!»

ቀጭ አለ፤ ካሜራውም ሌንሱን እንዳወጣ ሞተ።

ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አየቻቸው። መቶ ስድሳ ሦስት ልጅ፣ አንድም የጨፈነ የለም። ሁሉም ገና ነቅተው ደስ የሚል ነገር ፊታቸው ያገኙ ይመስላሉ። ሴትዮዋ ስልኳን አንስታ ሁለት ሌሎች ርዕሰ መምህራን ጋ ደወለች። እህቴ ደጅ ወጥታ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

መቶ ስድሳ አራተኛዋ ፎቶ እቤት፣ ከሶኬቱ በላይ ተለጥፋለች። ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ፣ አፌ ክፍት። ከሥሯ ቻርጀሩ አለ፤ ካውያዬን ልሰካ ባልኩ ቁጥር መጀመሪያ ባትሪውን በጣቴ ዳሰስ አደርገዋለሁ። ሞቅ ካላለ፣ የደንበኛው ሱሪ ይጠብቃል።