የአማረች ጥምቀት

ልጅ እያለሁ ጊምቢቹ ውስጥ ሰው የሚጠመቀው በጉባኤ ፊት ቆሞ የተማረውን ጮክ ብሎ በቃሉ ሲወጣው ነበር። ታላቅ እህቴ አማረች አትሰማም፣ አትናገርም። የጥምቀት ትምህርት በጀመረች ቁጥር ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ወንበር ይመልሷት ነበር። እናቴ "አፍ የሌለውን እግዜር ያየዋል" ትላለች። ማየቱንስ ያየው ይሆናል፤ የሚያጠምቁት ግን ሽማግሌዎቹ ነበሩ።

ከዚያ ደርግ ጸሎት ቤታችንን አሸገው፤ ቀበሌው የማዳበሪያ መጋዘን አደረገው። ጸሎቱ ወደ እኛ ቤት መጣ። አብዮት ጠባቂዎች በደጅ ስለሚያልፉ መዝሙሩን በከንፈር ብቻ እንዘምር ነበር። ቤቱ ቆጮና በረት በረት ይሸታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጥምቀት አስተማሪው ጋሽ ኤርጫፎም አፋቸውን ዘግተው በእጃቸው ማስተማር ጀመሩ። መርከቡን፣ ዓሣ ነባሪውን፣ መስቀሉን በእጅ። እኛ ልጆቹ ግራ ተጋብተን ስንሳሳቅ አማረች ቀድማን ትረዳለች፤ ስንሳሳት ጣታችንን ይዛ ታርመናለች።

አንድ እሁድ ጋሽ ኤርጫፎ በእጃቸው ጠየቋት፦ ማን ሞተልሽ? መዳፏን በጣቷ እንደ ችንካር ወጋ ወጋ አደረገችና ደረቷ ላይ ጫነችው። ሽማግሌው አቀረቀሩ። ወንዝ ወርዶ መጠመቅ ያኔ እስር ቤት መውረድ ነበርና፣ ለእናቴ በሹክሹክታ "ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የማጠምቀው እሷን ነው" አሏት።

ሳይከፈት ሞቱ።

ደርግ ወድቆ በሩ የተከፈተ ቀን መዝሙሩ ቤቱን አናጋው። እናቴ አማረችን ነጭ አልብሳ ወደ ፊት ወሰደቻት። አዲሱ ሽማግሌ ክፉ ሰው አልነበሩም። "እትዬ፣ ደንቡ እንደ ድሮው ነው፤ በአፏ ትመስክር" አሉ። አማረች ፊታቸውን አየችና ማንም ሳይመልሳት ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ሰው ሁሉ በደስታ ያለቅሳል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ዛሬም ሳስበው ከግድግዳው ያልለቀቀው የማዳበሪያ ሽታ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን እዚያው ጸሎት ቤት በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ወጣት አለ። ጎበዝ ልጅ ነው። ምልክቱ ግን የትምህርት ቤት ነው፤ አማረች የምታውቀው የጋሽ ኤርጫፎን ነው። አምና ሽማግሌዎቹ ቤታችን ድረስ መጥተው "ያኔ በድለናታል፣ እናጥምቃት" አሉ። በእጄ ነገርኳት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ማለቷ ነው። ምግብ ቀርቦ ስለነበር ማስታጠቢያውን አምጥታ እጃቸውን በየተራ አስታጠበቻቸው።