የአባቴ ቮልስ ከግቢ ስትወጣ

አባቴ ጣሰው መቀመጥ አይችልም። ምሳ እየበላ እንኳ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ጨው ፍለጋ፣ አንዴ ጨው መፈለጉን ረስቶ። እናቴ አቻምየለሽ «ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ትለዋለች። እኔንም ያናድደኝ ነበር። አብሮኝ አንድ ፊልም ጨርሶ አያውቅም።

ይህ ታሪክ የጀመረው በ1992 ነው። አቃቂ ባለ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቶ፣ «ተቀንሰሃል» የሚል ደብዳቤ ሰጥተው በዋናው በር በእግሩ ሸኙት። በወሩ ወለሏን ዝገት የበላት አሮጌ ቮልስ አስጎትቶ ቃሊቲ ያለው ግቢያችን ጓሮ አስገባ። «ይህችን አስነስቼ በዚያ በር ፊት ካልነዳኋት ጣሰው አትበሉኝ» አለ። እናቴ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ካርቡራቶሩ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተበታተነ፣ የፍሬን ሸራ ከእናቴ ሹራቦች መሀል ተገኘ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር። አንድ ቡሎን ፍለጋ መርካቶ ይወርድና ሌላ ቡሎን ይዞ ይመለሳል። ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑትን ፓራፋንጎዎች ራሱ ቀጥቅጦ አቃናቸውና፣ ቀለም እስኪያገኝላቸው ብሎ እሱና እናቴ የሚተኙበት አልጋ ሥር ከተታቸው።

በ1995 ጡረታው አልበቃ ሲል ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩ ሦስት ክፍሎች ከግቢው በር እስከ ጓሮው በተርታ ሠራ። የመኪናዋን መውጫ ግን ግንበኛ አላስነካም። ራሱ በሜትር ለካ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ጨመረ። ፋብሪካው ውስጥ ጣሰው የለካውን ማንም ደግሞ አይለካም ይባልለት ነበርና እኛም አልለካንም።

በ2003 ጥቅምት ላይ ሞተሯ ተነሳ። ቅዳሜ ጠዋት ለምርመራ ሊወስዳት፣ ቦሎ ሊያወጣላት፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ኮቱን ለበሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከበራችን ማዶ ሱቅ ያላት ሐጀራ ከረሜላ በእፍኟ ይዛ መጥታ ልጆቹ ላይ በተነች። እልልታው ቀለጠ። አባቴ ማርሽ አስገባ፣ ቮልሷ ከጓሮ ተነሳች፣ መውጫው አፍ ላይ ደረሰችና ገጭ! ብላ ቆመች።

ወደ ኋላ መለሳት፣ አስተካክሎ ሞከረ፣ አሁንም ገጭ። ወርዶ ሜትሩን አመጣ። ለካ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ያኔ ገባው፤ መውጫውን ሲለካ ቮልሷ ያለ ጎማና ያለ ፓራፋንጎ ብሎኬት ላይ ነበረች። እልልታው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

«እኔ አውቄ ነበር» አለች እናቴ።

ዞሮ አያት።

«መሠረቱ ሲወጣ ነው ያወቅኩት። አልጋ ሥር በጠረግኩ ቁጥር መጥረጊያዬ ፓራፋንጎዎቹን ይመታል፤ መኪናዋ ላይ እንዳልነበሩ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ብነግርህ ክፍሎቹን አትሠራም። ክፍሎቹ ባይሠሩ ሥርጉት በምን ትማር ነበር?»

ስሜን ስትጠራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኮሌጅ የተማርኩት በእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው። አባቴ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ቤት ገባና ተቀመጠ።

ሦስት ቀን ተቀመጠ። ምን አለ አንዴ አርፎ ቢቀመጥ እያልኩ ያደግኩት ልጅ፣ ተቀምጦ ሳየው ፈራሁ። እናቴ ሆን ብላ ጨው የሌለው ወጥ አቀረበችለት። ጨው ፍለጋ ሳይነሳ በላው።

በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አነሳሁና ቮልሷ ሥር ገብቼ የፓራፋንጎውን ቡሎን ባለ በሌለ ኃይሌ አዞርኩት። የምፈታ መስሎኝ ለካ እያጠበቅኩ ነው። ቁልፉ እየሾለከ ሲንቋቋ ከቤት ጩኸት መጣ።

«ማነው እሱ? ጥርሱን ጨረሰው እኮ!»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«በግራ ነው የሚፈታው! ተዪው! ተዪው አልኩሽ!»

በባዶ እግሩ እየሮጠ መጥቶ ቁልፉን ነጠቀኝ። እዚያው መኪናዋ ሥር እንደተጋደምኩ አለቀስኩ፤ እሱ ቡሎኑን እንጂ እኔን አላየም።

እሁድ ቮልሷ ያለ ሞተር፣ ያለ ጎማ፣ ያለ ፓራፋንጎ ወጣች። ተከራያችን ኦልጅራ የፋብሪካ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ አጠና ከሥሯ አሳልፈው አሥራ ስድስት ሆነው ተሸከሟት። አባቴ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይሯሯጣል። «ቀስ! ቀለሙን! ኦልጅራ፣ ግራህን ተመልከት!» ሐጀራ ሱቅ አጠገብ አሳርፈዋት ሁለት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ገጣጠማት። ለእናቴ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበረውም።

ቦሎ የተለጠፈላት ዕለት ሦስታችንም ገባን፤ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ አቆመ። ዘበኛው ወጣት ነው፣ አያውቀውም። ኮቱን አየ፣ የምታብረቀርቀውን መኪና አየ፣ ትልቅ ባለሥልጣን መሰለውና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

«ይግቡ ጌታዬ።»

አባቴ ወደ ውስጥ አየ። እናቴ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው፤ አልነጠቃትም።

«ዝጋው ልጄ» አለው ዘበኛውን። «እኛ ወደ ቤታችን ነን።»