የእናቴ ጥቁር ፍሬ

መጻሕፍቴን ልከትበት ብዬ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለ ሱቅ ያመጣሁትን ባዶ ጆንያ ሳራግፈው ያ የቃጫና የደረቅ ቡና ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ከስፌቱም አንዲት ጥቁር የቡና ፍሬ ጠብ አለች።

እናቴ ቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ ለቃሚ ነበረች። ማሽን ላይ የሚሠሩት ወንዶች የሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ናቸው፤ ለቃሚዎቹ ግን የቀን ሠራተኛ ተብለው፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው፣ ከሰፌዱ ላይ ጥቁሩንና የነቀዘውን ሲጥሉ ይውላሉ፤ ወሬያቸው ሌላ፣ ጣታቸው ሌላ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጆንያው ላይ የታተመውን ፊደል ምን እንደሚል ሳላውቅ በጣቴ እከተለዋለሁ። ለመስከረም ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ ብላኛለች።

ማኅበሩ ለቃሚዎቹም ቋሚ ተብለው እንዲመዘገቡ ሥራ ይቁም ወይስ አይቁም ድምፅ ስጡ ሲላቸው፣ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ በቡና ይሁን ተባለ፤ ጤነኛ ፍሬ «እናቁም»፣ ጥቁር ፍሬ «አናቁም»። እናቴ ጥቁር መርጣ በመዳፏ ስትጨብጥ አይቻለሁ። ሥራ ከቆመ የእኔ ትምህርት እንደሚቀር ታውቃለች።

በቅል የተሰበሰበውን ፍሬ ሊቀመንበሩ ጋሽ ታደሰ ሰፌድ ላይ ዘረገፉት፤ ሴቶቹ ከበው እየተንሾካሾኩ ሳሉ፣ ቆጠራው ሳይጀመር እጃቸው በለመደበት ሄዶ ጥቁሩን ሁሉ ለቅሞ ጣለው።

«ምን አደረጋችሁ እናንተ? ድምፅ እኮ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» አለች ጎረቤታችን ዘሃራ። «ደግሞ ጥቁር የከተተች ካለች ትናገራ።»

ሁሉም ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ የተናገረች ግን የለችም።

የቀረው ጤነኛ ፍሬ ብቻ ተቆጥሮ ሥራው ቆመ፤ ቆሞም ከረመ። እናቴ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ስላልቻለች ይዛኝ ገጠር፣ ደዶ ዘመድ ቤት ገባች፤ የሰው ማሳ ስታርም ባጀች። ማኅበሩ አሸንፎ ሴቶቹ ተመዘገቡ፣ ጣሪያም ተሠራላቸው፤ እኛ ስንመለስ በእናቴ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እኔም ትምህርት ቤት የገባሁት ከዓመታት በኋላ፣ ከወገቤ ከማያልፉ ሕፃናት ጋር ነው። እናቴ ግን ዘሃራን አልተቀየመቻትም። «እጃቸው ነው እንጂ እነሱ አይደሉም» ትል ነበር።

አሁን ጥቁሩን የሚለየው ማሽን ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር ወሬም ሳቅም የለም፤ ዘሃራም አለፈች፣ እናቴም አለፈች፣ ያን ቀን ጥቁር ከትታ አብራ መሳቋን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ፍሬዋን ከወለል ሳነሳት እጄ ሳላዘው ሊጥላት ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መለስኩት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።