ማኅበሩ ይፈልግሃል

የሌላውን ልብ እንደ ራስ ልብ አድርጎ መጠበቅ ከፈጣሪ የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ቶሎ ይህ ጸጋ አልተነፈጋቸውም። ጸጋው ግን ዕረፍት የሚነሣ ነው።

እግራቸው ፈጣን ስለሆነ «ቶሎ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸው የመንደሩ ማኅበር ነው። ገበሬውም ባለሙያውም በፈቃዱ የገባበት ይህ ማኅበር የታመመ አባሉን አዝመራ ይሰበስባል፤ የአቅመ ደካማውን ጣሪያ ያድሳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም በአሮጌው የእህል መጋዘን ተሰብስቦ ይጨዋወታል። እትዬ ቶሎ የማኅበሩ ጠሪ ናቸው። ጥሪው ሁለት ዓይነት ነው። «ማኅበሩ ይጠራሃል» ከተባለ ለሥራ ወይም ለጨዋታ ነው። «ማኅበሩ ይፈልግሃል» ከተባለ ግን ተከሰሃል፣ ምናልባትም ልትሰናበት ነው ማለት ነው።

ከአባላቱ አንዱ፣ ግንበኛው፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከማኅበሩ ቀርቶ ነበር። አባላቱ የመጋዘኑን ግድግዳ ጥገና ሰበብ አድርገው ሊመልሱት መከሩና፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ቶሎን ላኩ። ቤቱ ሲደርሱ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የሟቿ ሹራብ ከበሩ ጀርባ እንደ ተሰቀለ ነው። እርሱም ጢሙን ሳይላጭ በርጩማ ላይ ኩርምት ብሏል። ሊያጽናኑት ቸኮሉ።

«ልጄ፣ ማኅበሩ ይፈልግሃል» አሉት።

ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎም ይህን ሊነግሩኝ መጡ?» አለና ተነሥቶ በሩን ዘጋባቸው።

ነገሩ የገባቸው መንገዱን ካጋመሱ በኋላ ነው። ናፍቀንሃል ለማለት የወጣው ቃል የክስ ቃል ሆኖ ቁጭ አለ። እየሮጡ ተመለሱ፤ አንኳኩ፤ ተጣሩ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ከሰዓት በኋላ፣ አባላቱ ሲሰበሰቡ፣ እትዬ ቶሎ ያደረጉትን ተናገሩ።

«ድሮም እግርዎ ቶሎ ነበር፤ ዛሬ ምላስዎ ቀደመው!» አለ ወፍጮኛው። ማንም አልሳቀለትም።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን እያሻሹ። «ያ ሰው አኩርፎ ከቀረ፣ ሐዘኑ ብቻውን ይበላዋል።»

እትዬ ቶሎ መቀመጥ አቃታቸው። ከደጃፉ ቆመው መንገድ መንገዱን እያዩ፣ «ጌታዬ፣ በሩን እኔው ዘግቼበት እንዳልቀር» ይላሉ በልባቸው።

ግንበኛው መጣ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሰላምታም ሳይሰጥ፣ «ተከሳሹ መጥቻለሁ» አለ። «ጥፋቴ ሐዘን ከሆነ ፍረዱብኝ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ!» እትዬ ቶሎ እጁን ያዙት። «ይጠራሃል ልል ነበር እኮ። ሳይህ ጊዜ አንጀቴ ተላወሰና ምላሴ ሳተ።»

አላመናቸውም። «ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?»

ወፍጮኛው የተሰነጠቀውን ግድግዳ በአገጩ አመለከተ። ግንበኛው ሄዶ በጣቱ ቆረቆረው፤ ልስኑ ረገፈ።

«ይህን የለሰነው ማን ነው? እጁ ይሰበር!»

«ኧረ ራስህን አትርገም!» አለ ወፍጮኛው። «አንተው ነህ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የግንበኛው ትከሻ ተርገፈገፈ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም። እትዬ ቶሎ ግን ገና እንደ ቆሙ ናቸው። የኮቱን ቁልፍ ፈትቶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ነው ከጎኑ ዝፍ ያሉት።

የሰውን በር ማንኳኳት ለማይታክታቸው ለእትዬ ቶሎ አምላክ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን፤ ቤታቸውንም ሰው አያሳጣው። አሜን።