የጥንቸሏ ፊልም መጨረሻ

የሪሞት ባትሪ ሲደክም አውጥቼ በጥርሴ ነከስ አደርገዋለሁ። ዛሬም ብቸና ከተማ ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነከስኩትና ያ የብረት ጣዕም አፌን ሲሞላው፣ ያደግኩበት ሞጣ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ሳሎን ወለል ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩላችሁ።

በሰፈሩ ዲሽ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ነበር። የሪሞታቸው ባትሪ ሲደክም ነክሼ የማነቃው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጫማችንን ደጅ አውልቀን እንገባለን። ቀኑን ሙሉ ለልጆች ብቻ የሚያሳይ የዓረብ ጣቢያ ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ረጅም ፊልም ያመጣል። ከልጆቹ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። እኔ ግን "አውቃለሁ" ብዬ ተርጓሚ ሆንኩ። ስዕሉን እያየሁ ከልቤ እየፈጠርኩ አወራለሁ። በረዶ የሸፈነው አገር ሲመጣ "የተባዘተ ጥጥ ነው" አልኳቸው፤ አመኑኝ። የጎረቤታችን ልጅ ብቻ "ቀባጣሪ! ዓረብኛ ደግሞ ከየት ተማርሽ?" ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ እናታችን ዓረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የሚያውቀው ዓባይ ድልድይን መሻገሯን ብቻ ነው። እህል አልበላ ብሎ ከስቶ ነበር። አንድ ዓርብ የጥንቸሏ ፊልም መጣ። ትንሽ ጥንቸል፣ የቀዘቀዘ ወንዝ ተሻግራ የሄደች እናቷን ዳር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ወንድሜ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ።

"መጣች?" አለኝ፣ የጠቆረውን ቴሌቪዥን እያየ።

"መጣች እንጂ! ስጦታ ሁሉ ይዛ።"

ያን ዕለት እራቱን በላ።

ጣቢያው ግን ፊልም ይደጋግማል። በሳምንቱ ማስታወቂያው ላይ ያቺው ጥንቸል ብቅ አለች። ወንድሜ "ስጦታውን አየዋለሁ" እያለ ዓርብን ጠበቀ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እናቷ ባትመጣስ? እንደገና እህል ቢተውስ?

ዓርብ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ "ሽንቴ መጣ" ብዬ ወጣሁ። ድንጋይ ላይ ቆሜ ዲሹን የአውራ ጣት ያህል ገፋሁት። ውስጥ ጩኸት ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ ሮጦ ሲወጣ እጄን ዲሹ ላይ አገኘው።

"ዋሾ! ለካ አንቺ ነሽ!" ገፍቶኝ ያሽከረክረው ጀመር። "መጣ?"

"አልመጣም!" አሉት ከውስጥ።

"አሁንስ?"

"መጣ! መጣ!"

ስገባ በረዶው ቀልጧል። የእናቷ ቀይ ሻርፕ ብቻ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጥንቸሏ አነሳችው፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ብቻዋን ሄደች።

"የታለች እናቷ?" አለ ወንድሜ።

"እህትህ ዋሽታ ነዋ!" አለ የጎረቤታችን ልጅ።

ወንድሜ ወደ ቤቱ እመቤት ዞረ። "እትዬ፣ አልመጣችም?"

እሳቸው እስከዚያ ቀን ስለ ፊልም አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ "ሻርፑን አስቀድማ ልካለች፤ እሷ ከኋላ ትመጣለች ነው የሚለው" አሉት። "እህትህ ትንሽ ፈጠነች እንጂ አልዋሸችም።"

ስንወጣ በር ላይ እጄን ያዙኝ። "ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ቋንቋው አይጠፋኝም።"

"ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ?"

"ያንቺው ይሻል ነበራ!" ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። "እዚያ ሳለሁ ልጄ ደጅ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር አሉ። ማን ምን ብሎ እንዳባበላት እንጃ።"

ያ ጣቢያ ኋላ ያለ ክፍያ ካርድ አልከፍት አለ፤ ቆይቶም ጭራሽ ጠፋ። የእናታችንም ስልክ በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ፣ ከዚያ ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀረ።

ዛሬ ወንድሜ ልጁን ይዞ ከሞጣ መጥቷል። ባትሪውን ስነክስ አይቶኝ ነው መሰለኝ፣ የጥንቸሏን ነገር ለልጁ ያወራላት ጀመር።

"ከዚያስ፣ አባዬ?" አለችው።

"ከዚያማ መብራት ጠፋ" አላት፣ እኔን ሳያይ። "መጨረሻውን የምታውቀው አክስትሽ ናት።"

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ሪሞቱን አስቀመጥኩና፣ "ነይ፣ ጠጋ በይ" አልኳት።