ኤዶ ሆዳን ማይኩን የያዘች ቀን

የጅግጅጋ ተማሪነቴ ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ ግቢያችን በር ላይ ኮፒ ቤት የነበራት፣ በሶማሊኛ አክስት ለማለት «ኤዶ» የምንላት ሆዳን ናት። መምህራችን ደረጄ ማንም እንዲማርበት በነጻ የተለቀቀ መጽሐፍ በፍላሽ ያድለን ስለነበር ኮፒ የሚያስነሳ ጠፋ። ኤዶም የደረጄን ሰላምታ መመለስ ተወች።

ልንመረቅ ስንል በነጻ መጽሐፍ ያስተማሩንን መምህራን ለማመስገን አዳራሽ ተሰበሰብን። ኤዶ ሳትጠራ ገብታ ማይኩን ተቀበለች።

«ይሄ መምህር ገበያዬን ገደለው» አለች።

ደረጄ አቀረቀረ፤ እኔም ስለ እሱ ተሸማቀቅኩ።

ከቦርሳዋ አዲስ ሻል አውጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና፣ «ልጄ ግን እሱ በሰጣት መጽሐፍ ተምራ ልትመረቅልኝ ነው» አለች።

ያኔ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው፣ በኤዶ ኩርፊያ ከሁላችንም ይበልጥ ትስቅ የነበረችው የክፍል ጓደኛዬ ሂቦ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና «እማዬ፣ በቃሽ» አለች።